በቶኒክና በጨው የሚሞከር የህዋስ ሳይንስ

ደሴ ላይ ማታ መብራት ሲሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ያማርራል። እኔ ቶኒክ ገዝቼ እገባለሁ።

በሕያው ህዋስ ውስጥ ያለ ካልሲየም በዓይን አይታይም። የሚታየው ካልሲየም ሲይዝ ብርሃኑ በሚቀየር ቀለም ነው። ያ ቀለም ፒያሳ ካሉ ሱቆች አይገዛም፤ ዘዴው ግን ጓዳ ውስጥ ይሞከራል።

ቶኒክ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆና ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ወይን ጠጅ ብርሃን ያለው ባትሪ አዘጋጁ። ቶኒኩን ከፍታችሁ ጋዙ እስኪወጣ ጠብቁ። እኔ ቸኩዬ ጨው ብጨምርበት ገንፍሎ ጠረጴዛውን አጥቦልኛል።

እኩል እኩል ቅዱ። ከኋላ ጥቁር ጨርቅ አድርጉ፤ ነጭ ወረቀት ራሱ ስለሚያበራ ያታልላል። ባትሪውን ወደ ዓይን ሳታዞሩ አብሩ። ቶኒኩ ሰማያዊ ይሆናል። የሚያበራው ኩዊኒን ነው፤ የድሮው የወባ መድኃኒት። ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለውም ከሱ ነው።

አሁን አንዱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሌላው ላይ ያንኑ ያህል ስኳር አማስሉ። ጨው ያለበት ይደበዝዛል። ከጨው የሚለቀቀው ክሎራይድ አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት)፣ ኩዊኒኑ ብርሃን ሊያደርገው የነበረውን ጉልበት ይነጥቀዋል። ክሎራይድ እንደ ካልሲየም የብረታ ብረት አዮን አይደለም፤ ብርሃን አይቶ አዮን ማወቁ ግን ያው ነው።

ስኳሩን እንዳትዘሉት። እሱ ከሌለ «ባትሪው ደክሞ ቢሆንስ?» ለሚላችሁ ሰው መልስ የላችሁም።

ህዋስ ላይ ሲሆን ይኸው ጥያቄ ይብሳል። ቀለሙ አንዱ ህዋስ ውስጥ በዛ ብሎ፣ ሌላው ውስጥ ጥቂት ይገባል። ኬሚስቱ ሮጀር ቼንና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ፉራ-2 የተባለ ቀለም መላ አለው። የሞገድ ርዝመቱ 340 እና 380 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን እየተፈራረቀ ይበራበታል። ካልሲየም የያዘው በመጀመሪያው፣ ያልያዘው በሁለተኛው ይበልጥ ያበራል። አንዱን ለሌላው ስታካፍሉ የቀለሙ መብዛትና ማነስ ይጣፋል።

ቀለሙ ቻርጅ ስላለው በህዋሱ ሽፋን አያልፍም። ስለዚህ ኤኤም የሚባል፣ ቻርጁን የሚሸፍን ኬሚካላዊ ልብስ ያለብሱትና ከህዋሶቹ ጋር 30 ደቂቃ ያህል ያቆዩታል። ውስጥ ሲገባ የህዋሱ ኤንዛይሞች ልብሱን ያወልቁታል፤ ከዚያ መውጫ የለውም። የተረፈውን አጥበው በማይክሮስኮፕ ያያሉ።

መጨረሻ ላይ ውጤቱ ምን ያህል ካልሲየም እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን ጫፎች ይለካሉ። ካልሲየምን በሽፋኑ የሚያሳልፍ አዮኖማይሲን የተባለ ኬሚካል ጨምረው ከውጭ ካልሲየም ያስገባሉ፤ ይህ ከፍተኛው ነው። ቀጥሎ ካልሲየም አጥብቆ በሚይዝ ኢጂቲኤ በተባለ ኬሚካል ካልሲየሙን ለቅመው ያወጣሉ፤ ይህ ዝቅተኛው ነው። ያረፈ ህዋስ ውስጥ ያለው ካልሲየም ወደ 100 ናኖሞላር (በሊትር 100 ቢሊዮንኛ ሞል) ገደማ ይሆናል፣ ለዝቅተኛው ጫፍ የቀረበ።