ላከሩ ነጭ ጉም ከለበሰ ለመፋቅ አትቸኩሉ

ክረምት ላይ ጠቆር ያለ ማቅለሚያ በተቀባ በር ወይም ቁም ሣጥን ላይ ላከር (እንጨት የሚያብረቀርቅ ቅብ) ተነፍቶ ወተት የመሰለ ጉም ሲለብስ፣ ብዙ ሰው ወዲያው የብርጭቆ ወረቀት ያነሳል። እባካችሁ ቆይ በሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እርጥበት ነው። ላከሩን ለማቅጠን የተጨመረው ቲነር በፍጥነት ሲተን የተነፋውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ ጤዛ ይሆንና ላከሩ ውስጥ ይታፈናል። ጠቆር ባለ እንጨት ላይ ደግሞ በጣም ያስታውቃል።

ዝናቡ አባርቶ አየሩ ሲደርቅ ንጹሕ የላከር ቲነር በስሱ ንፉበት። ላከሩ መልሶ ይለሰልስና የታፈነው እርጥበት ይወጣል። ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ካገኛችሁማ በጣም ጥሩ። መስኮት ክፈቱ፣ የኬሚካል ማስክ አድርጉ፣ እሳት በአካባቢው አይኑር። ይህ የሚሠራው ለናይትሮ ላከር፣ ማለትም በቲነር ለሚቀጥነውና ቶሎ ለሚደርቀው ላከር ነው። የዘይት ቫርኒሽ ላይ እንዳትሞክሩት፣ ይሸበሸባል።

ጉሙ ነጭ ሳይሆን ዥጉርጉር ከሆነና የማቅለሚያው ቀለም ከተቀላቀለበት ግን፣ ማቅለሚያው በደንብ ሳይደርቅ ተነፍቶበት ሊሆን ይችላል። ለሚቀጥለው ሥራ ከመንፋታችሁ በፊት በነጭ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ እስከ ነገ ይቆይ።