ጀማሪ ኩባንያ እንዴት ይመሠረታል፣ ገንዘብስ እንዴት ይፈለግለታል?

ጀማሪ ኩባንያ የሚያቋቁሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጨነቁት ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ ነው። በእኔ እምነት ግን ከዚያ በፊት መልስ የሚሹ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ እነርሱም ምርቱን የሚፈልገው ማን እንደሆነና ኩባንያው የማን እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያ፣ ምርቱ ተሠርቶ ሳያልቅ ፈላጊ መኖሩን ያረጋግጡ። ችግሩ ያለባቸውን ሰዎች አግኝተው ሐሳብዎን ከማስረዳት ይልቅ፣ ችግሩን ዛሬ በምን መንገድ እንደሚወጡትና ለዚያ ምን ያህል እንደሚከፍሉ ይጠይቁ። ድሮፕቦክስ የተባለው የፋይል ማከማቻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የአገልግሎቱን አሠራር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሲለቅ የተጠባባቂዎቹ ቁጥር ከ5,000 ወደ 75,000 አድጎ ነበር።

ቀጥሎ በመሥራቾች መካከል የጽሑፍ ስምምነት ይደረግ። ጓደኛሞች ይህን ማንሳት ያፍራሉ፤ ሆኖም ገንዘብ ከገባ በኋላ የሚነሣ የድርሻ ክርክር ኩባንያውን ሊያፈርሰው ይችላል። የተለመደው አሠራር እያንዳንዱ መሥራች ድርሻውን በ4 ዓመት ውስጥ በሥራው እያገኘ እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው የለቀቀ ምንም አያገኝም፣ ዓመት ሲሞላው 25 በመቶውን ያገኛል፣ ቀሪው በየወሩ ይጨመርለታል።

ከዚያ ገንዘቡ ስንት ወር እንደሚያቆይ ያስሉ። በእጅ 600,000 ካለ፣ ወርኃዊ ወጪው 60,000፣ ገቢው 10,000 ከሆነ፣ ኩባንያው በየወሩ 50,000 ስለሚያጎድል 12 ወር ብቻ ይቆያል። ከባለሀብት ጋር የሚደረግ ድርድር ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ፍለጋው ቢያንስ 6 ወር ሲቀር መጀመር አለበት፤ ገንዘቡ ሊያልቅ የደረሰበት ሰው የቀረበለትን ውል ሁሉ ለመቀበል ይገደዳልና።

የገንዘብ ምንጩን ሲመርጡ ከደንበኛ የሚገኘውን ያስቀድሙ፤ ድርሻ አያስቀንስም፣ ዕዳም አይሆንምና። የኢሜይል ማስታወቂያ አገልግሎት የሚሰጠው ሜይልቺምፕ የውጭ ባለሀብት ሳያስገባ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2021 ኢንቱይት ለተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጧል። ብድር ድርሻ ባይነካም ገቢ ኖረም አልኖረም ይከፈላል። ቬንቸር ካፒታል፣ ማለትም ባለሀብቶች ድርሻ ወስደው በጀማሪ ኩባንያ ላይ የሚያፈሱት ገንዘብ፣ የሚስማማው እጅግ ፈጥኖ ሊያድግ ለሚችል ሥራ ብቻ ነው፤ ለሌላው የማያስፈልግ ጫና ያመጣል።

ባለሀብት ካስገቡ ስሌቱን አስቀድመው ይሥሩ። እኩል 50 በመቶ የያዙ ሁለት መሥራቾች ለአዲስ ባለሀብት 20 በመቶ ቢሰጡ እያንዳንዳቸው 40 በመቶ ይቀራቸዋል፤ በሁለተኛው ዙር ሌላ 20 በመቶ ሲሰጡ ደግሞ ወደ 32 በመቶ ይወርዳሉ። ይህ ኩባንያው እስካደገ ድረስ ኪሳራ አይደለም።

በውሉ ላይ ከመቶኛው ይልቅ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት፣ ኩባንያው ሲሸጥ ማን ቀድሞ እንደሚከፈለው የሚወስነው አንቀጽ ነው። ባለሀብቱ 2 ሚሊዮን አስገብቶ ገንዘቡን የማስቀደም መብት ካለው፣ ኩባንያውም በዚያው በ2 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ መሥራቾቹ ትልቁን ድርሻ ይዘው እንኳ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ውሉን የባለሀብቱ ሳይሆን የራስዎ ጠበቃ ያንብበው።