ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጾታ አድልዎ ሲፈጽም እንዴት ምላሽ መስጠት ይገባል?

አንድ የቅጥር ኃላፊ አመልካቿን ሴት በመሆኗ ብቻ ከውድድር ቢያስወጣት ብዙዎቻችን እንቆጣለን፤ ያንኑ ያደረገው አልጎሪዝም (ኮምፒውተሩ የሚወስንበት የስሌት ሥርዓት) ሲሆን ግን ቁጣችን ይበርዳል። ተመራማሪው ዮቻናን ቢግማንና ባልደረቦቹ ያካሄዷቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ለዚህ አንዱ ምክንያት ማሽን እንደ ሰው በጥላቻ ተነሣሥቶ አያዳላም ብለን ማሰባችን ነው። ሥራውን ላጣችው ሴት ግን ጉዳቱ ያው ስለሆነ፣ በቅድሚያ «ይህን የወሰነው ሰው ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ፤ አቤት የሚሉ ከነበረ አሁንም አቤት ይበሉ።

«ቅጹ ጾታ ስለማይጠይቅ አድልዎ ሊኖር አይችልም» የሚል መልስ ከተሰጠዎት አይቀበሉት። የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያው አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሲያበለጽገው የነበረውና በኋላ የተወው የአመልካቾች መመዘኛ፣ በአብዛኛው ወንዶች ካስገቧቸው የቀድሞ ማመልከቻዎች በመማሩ፣ «የሴቶች ቼዝ ክለብ አምበል» እንደሚሉ ያሉ ሐረጎች የሰፈሩባቸውን ሲቪዎች ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣቸው እንደነበር በ2018 ተዘግቧል።

ቀጥሎ ማስረጃ ይያዙ። የውሳኔውን ሙሉ ቃልና ቀኑን በስክሪንሾት ያስቀምጡ። መሣሪያው እርስዎም ሊጠቀሙበት የሚችሉት ከሆነ፣ ስምና ጾታ አመልካች ቃላት ብቻ የተለያዩባቸው፣ በሌላው ሁሉ አንድ የሆኑ ሁለት ሲቪዎች አዘጋጅተው ያስመዝኗቸው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ለአንድ ጥያቄ በየጊዜው የተለያየ መልስ ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ ሙከራውን ደጋግመው ካላዩት በስተቀር አንድ ልዩነት አይቶ መደምደም አይገባም።

አቤቱታውን መሣሪያውን ለሠራው ኩባንያ ሳይሆን በመሣሪያው ለወሰነብዎት ድርጅት ያቅርቡ፤ ውሳኔው የእሱ ነውና። እንዲህ ብሎ መጻፍ ይበቃል፦ «ማመልከቻዬ የታየው በአውቶማቲክ ሥርዓት ከሆነ ይህ እንዲገለጽልኝ፣ ዋና ዋና መመዘኛዎቹ በጽሑፍ እንዲሰጡኝና ጉዳዬ በሰው እንደገና እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።» በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ (GDPR) አንቀጽ 15 እና 22 ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ሕጋዊ መሠረት ይሰጣሉ።

በደብዳቤው ላይ ሊያሳዩት የሚችሉትን ይጻፉ እንጂ በሚጠረጥሩት ክፉ ሐሳብ አይክሰሱ። በ2019 የአፕል ኩባንያ የብድር ካርድ (አፕል ካርድ) ለሚስቶች ከባሎቻቸው እጅግ ያነሰ የብድር ጣሪያ ሰጥቷል የሚል ቅሬታ በተነሣ ጊዜ፣ ጉዳዩን የመረመረው የኒውዮርክ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በ2021 ሕገ ወጥ አድልዎ አላገኘሁም ቢልም፣ ለደንበኞች በቂ ማብራሪያ አለመሰጠቱን ተችቷል። ማብራሪያ መጠየቅ አድልዎው ባይረጋገጥም እንኳ ተገቢ ጥያቄ ሆኖ ይቆያል።

ድርጅቱ «ሥርዓታችን በአማካይ እጅግ ትክክለኛ ነው» ብሎ ቢመልስስ? በእኔ እምነት ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ በ2018 የፊት ምስል አይተው ጾታ የሚለዩ፣ ለገበያ የቀረቡ የኮምፒውተር ሥርዓቶችን ሲፈትሹ፣ ስሕተቱ ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ ያልበለጠ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደርሶ ተገኝቷል። ስለዚህ አማካዩን ትተው የስሕተቱ መጠን በጾታ፣ በቆዳ ቀለምና በሁለቱ ጥምር ተለይቶ እንዲሰጥዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ድርጅቱ እምቢ ካለም የእምቢታውን ደብዳቤ ከማስረጃዎችዎ ጋር አያይዘው ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል ያስገቡ።