ማቀዝቀዣ በሌለበት ኢንሱሊንን ከሙቀት መጠበቅ

በቆላ አካባቢ የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ፣ መብራት ቢጠፋ ወይም ማቀዝቀዣ ባይኖረው፣ በመጠቀም ላይ ያለውን ኢንሱሊን በሁለት የሸክላ ማሰሮዎች ከሙቀት መጠበቅ ይችላል። ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አኑረው በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በአሸዋ ይሙሉ፤ አሸዋው እንዳይደርቅ በየጊዜው ውኃ እየጨመሩ፣ ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልለው በትንሹ ማሰሮ ካስቀመጡ በኋላ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ያኑሩት። ውኃው በሸክላው ረቂቅ ቀዳዳዎች አልፎ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለወጥ የተሟሸ ድስት ግን ቅባቱ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍናቸው ለዚህ አይሆንም።

ማሰሮው ላልተከፈተ ኢንሱሊን የሚያስፈልገውን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ስለማይሰጥ፣ ተጠባባቂ ብልቃጦችን ማቀዝቀዣ ባለው ጤና ጣቢያ ወይም ጎረቤት ዘንድ ማስቀመጥ ይሻላል። የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ለ4 ሳምንታት ያህል ያገለግላል፤ ትክክለኛውን ገደብ ከመድኃኒቱ ማሸጊያ ያንብቡ፤ በማሰሮው ውስጥም ርካሽ ቴርሞሜትር ያኑሩ። አየሩ እርጥበት በበዛበት ወቅት ትነቱ ስለሚዳከም በዘዴው አይተማመኑ፤ በረዶ ጨምሮ ማገዝም አይገባም፣ አንዴ የቀዘቀዘና በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መጣል አለበትና።