የከተማችሁን ዋና የንግድ ጎዳና ታሪክ ለመመዝገብ

የደብረ ማርቆስም ይሁን የቡሬ፣ የሞጣም ይሁን የዳንግላ፣ የጎዳና ታሪክ ከበር ይጀመራል። ከአንዱ ጫፍ ተነስታችሁ በአንድ ወገን ላለው በር ሁሉ ቁጥር ስጡ፤ ስትመለሱ በሌላው ወገን። ለእያንዳንዱ በር አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል፦ ማን ሠራው፣ ማን ተከራየው፣ ምን ተሸጠበት።

ባለቤትንና ተከራይን ለየብቻ ጻፉ። ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙ ሱቅ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ስለሆነ፣ «የእገሌ ሱቅ» የሚባልለት ሰው ተከራይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሦስት በር የሆነውም ድሮ አንድ ሱቅ የነበረ ሊሆን ይችላል። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ፤ ቆርቆሮው ከሦስቱም በላይ ሳይቋረጥ ከሄደና የጭቃው ምርጊት ከተለያየ፣ መካከሉ ኋላ የተከፈለ ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌዎችን ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። እንግዳ ላለማሳፈር ሲሉ ግምት ይነግሯችኋል፤ ግምቱም አንዴ ከተጻፈ የሚያርመው የለም። «ኪራዩ በምን ይከፈል ነበር?» በሏቸው። በሊሬ ካሉ የጣሊያን ዘመን ነው፣ ከ1928 እስከ 1933። በሽልንግ (እንግሊዞች ይዘውት በመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ) ካሉ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሐምሌ 1937 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስኪወጣ ድረስ ያለው ጊዜ። ጠገራ (የማሪያ ቴሬዛ ብር) ግን ከጣሊያን በፊትም በኋላም ስለተገበያዩበት ብቻውን ዘመን አይለይም። ለኋለኛው ጊዜ «ከ1960ው የጎጃም ገበሬ አመፅ በፊት ነው በኋላ?» ማለት ይረዳል።

የሰማችሁትን በወረቀት አረጋግጡ፦ በኪራይ ውል፣ በግብር ደረሰኝ፣ በንግድ ፈቃድ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከሆናችሁ በድሮ ስሟ በመንቆረርም ፈልጉ። ወደ ፈረንጅ ዘመን ስትለውጡ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል።

በገበያ ቀን አትሂዱ፤ ነጋዴው ጊዜ የለውም። ስለ ሽያጩ መጠንም አትጠይቁ፣ ከግብር የመጣችሁ ይመስለዋልና። የድሮ ፎቶ ሲያሳያችሁ ወስዳችሁ አትሂዱ፤ እዚያው በመስኮት ብርሃን ያለ ፍላሽ አንሱት። ጀርባውንም አንሱ፤ የፎቶ ቤቱ ማህተምና ቀኑ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።