ያልተጠየቀ የማስታወቂያ ፋክስ ወረቀትና ቶነር ሲጨርስ

ምልክቱ፦ ቢሮው ተዘግቶ ሳለ ማታ የማስታወቂያ ፋክስ ይገባል። ጠዋት የወረቀት መያዣው ባዶ ነው፤ ዋናው የግዢ ትዕዛዝ ደግሞ ወረቀት በማለቁ ማሽኑ ሜሞሪ ውስጥ ቀርቷል። ጥቁር መደብ ያላቸው ገጾች በተለይ ቶነር ይጨርሳሉ።

መጀመሪያ የሞከርነው ገጹ ግርጌ ላይ «ካልፈለጉ እዚህ ይደውሉ» በሚለው ቁጥር መደወል ነበር። ባሰበት። መደወል መስመሩ እንደሚሠራና ሰው እንደሚያየው ያረጋግጥላቸዋል፤ ባይደወል ይሻላል።

ቀጥሎ በገጹ አናት ላይ የታተመውን ቁጥር የእገዳ ዝርዝር ውስጥ አስገባን። አልሠራም። ያንን ቁጥር ላኪው ራሱ ማሽኑ ላይ ስለሚሞላው የፈለገውን ይጽፋል። የእኛ ማሽን የሚያግደው ከስልክ መስመሩ በሚመጣው የደዋይ ቁጥር ነው፤ የደዋይ ቁጥር የሚያሳየው አገልግሎት ግን በፋክስ መስመሩ ላይ አልተከፈተም ነበር።

አስከፈትነው፤ አሁንም ቁጥር አልታየም። ምክንያቱ ማሽኑ ስልኩ 1 ጊዜ እንደጠራ ማንሳቱ ነበር። በብዙ መስመሮች የደዋዩ ቁጥር የሚደርሰው በ1ኛውና በ2ኛው የደወል ድምፅ መካከል ነው። ስንት ጊዜ ከጠራ በኋላ እንደሚያነሳ የሚወስነውን ቅንብር ከ1 ወደ 3 ስንቀይር ቁጥሮቹ መዝገቡ ላይ ወጡ፤ እገዳውም ሠራ።

ቁጥር የሚቀያይሩ ስለማይጠፉ አውቶማቲክ ህትመቱን አጥፍተን የሚገባው ሁሉ በፒዲኤፍ ወደ ኢሜይል እንዲሄድ አደረግን። የተላለፈው ከሜሞሪ ይሰረዝ፤ ሜሞሪው ከሞላ ማሽኑ አዲስ ፋክስ አይቀበልም። ቁጥር የማያሳዩትን በሙሉ ማገድ ግን አልመክርም፤ ቁጥራቸው የተደበቀ ደንበኞችም አብረው ይታገዳሉ።