ንድፍን ከአጋጣሚ ስንለይ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ» ብሎ የሚያምን ክርስቲያን በፍጥረት ውስጥ የፈጣሪውን እጅ ቢፈልግ ተገቢ ነው። ነገር ግን ፈጣሪ መኖሩን ማመንና ያዩትን ሁሉ የመኖሩ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እውነት ይዞ በደካማ ምስክር የተነሣ ችሎት ላይ የሚሸነፍ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ በቅን ልቡና የቀረበ ደካማ ማስረጃም ሰሚው እምነቱን ራሱን እንዲጠራጠር ያደርጋል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ስህተት ሥርዓት ያለውን ነገር ሁሉ ታስቦበት እንደ ተሠራ መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆስሊን ቤል የተባለች የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከራዲዮ ቴሌስኮፕ የሚወጣውን የወረቀት መዝገብ ስትመረምር፣ በየ1.33 ሰከንዱ ዝንፍ ሳይል የሚደጋገም ምልክት አገኘች። ምልክቱ እጅግ የተስተካከለ ስለ ነበር ከሌላ ዓለም የተላከ መልእክት ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ተነሥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ምንጩ በፍጥነት የሚሽከረከር፣ ዛሬ ፐልሳር የምንለው ኮከብ መሆኑ ታወቀ። የጨው ቅንጣትም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ማዕዘኑ የተስተካከለ ነው፤ ይህን ቅርጽ የሚሰጠው ግን የሶዲየምና የክሎሪን ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ሕግ ነው። ስለዚህ ድግግሞሽና መስተካከል ብቻቸውን አይበቁም። ደብዳቤን ከጨው ቅንጣት የሚለየው፣ ፊደላቱ ቀለሙም ሆነ ወረቀቱ ባላስገደዳቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው ከራሳቸው ውጭ ስላለ ነገር መናገራቸው ነው።

ብዙ ክርስቲያኖች በዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር ውርስ መረጃን በሚይዘው የሴል ሞለኪውል፣ የሚደነቁትም በዚህ ምክንያት ነው፤ በሰው ዲኤንኤ ውስጥ 3 ቢሊዮን ያህል «ፊደላት» አሉ፣ ቅደም ተከተላቸውንም የሚወስነው በአጎራባቾቹ መካከል ያለ የኬሚስትሪ መሳሳብ አይደለም። አድናቆቱን እኔም እጋራለሁ። ሆኖም ባዮሎጂ ይህን ቅደም ተከተል በሚውቴሽን (በዲኤንኤ ፊደላት ላይ በሚደርስ ለውጥ) እና በተፈጥሯዊ ምርጫ (ለኑሮ የሚጠቅመው ለውጥ በዘር እየበዛ በመሄዱ) እንደሚያስረዳ፣ ይህንንም ማብራሪያ እግዚአብሔር የሠራበት መንገድ ነው ብለው የሚቀበሉ ክርስቲያን ሳይንቲስቶች እንዳሉ ደብቆ መከራከር ሐቀኝነት አይደለም።

ተቃራኒው ስህተት አጋጣሚ ምን እንደሚመስል አለማወቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በለንደን ላይ የወደቁት የጀርመን በራሪ ቦምቦች አንዳንዱን ሰፈር ደጋግመው ሲመቱ ሌላውን ይዘሉት ስለ ነበር፣ ብዙዎች ሆን ተብሎ የተመረጠ ሰፈር ያለ መሰላቸው። ክላርክ የተባለ ባለሙያ በ1946 ባሳተመው ስሌት ደቡብ ለንደንን በ576 እኩል ካሬዎች ከፍሎ የወደቁትን 537 ቦምቦች ሲቆጥር፣ 229 ካሬዎች አንድም ቦምብ አልወደቀባቸውም፤ ይህም ያለ ዒላማ ቢወድቁ ከሚጠበቀው ቁጥር ጋር የተቀራረበ ነበር። በዘፈቀደ የሚሆን ነገር እኩል ተበትኖ አይገኝም፤ እዚህ ይከማቻል፣ እዚያ ይሳሳል። በአንድ ሳምንት ሦስት ተመሳሳይ ነገር የገጠመው አማኝ ወዲያው «ይህ ምልክት ነው» ከማለቱ በፊት ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም አለ፤ ከተፈጸመ በኋላ የተፈጸመውን ነገር ብርቅነት ማስላት። ሳንቲም 20 ጊዜ ቢወረወር የሚወጣው የትኛውም ቅደም ተከተል ከ1,048,576 አንዱ ነው፤ ሆኖም አንዱ የግድ ይወጣል። ቁምነገሩ የቁጥሩ ግዝፈት ሳይሆን ውጤቱ አስቀድሞ ከታወቀ ዒላማ ጋር መግጠሙ ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ስህተት አጋጣሚን የእግዚአብሔር ተቀናቃኝ አድርጎ ማየት ነው፤ «ወይ እግዚአብሔር ነው፣ ወይ አጋጣሚ ነው» የሚለው አነጋገር የሚመነጨው ከዚህ ነው። ንጉሥ አክዓብ ወደ ሬማት ዘገለዓድ ሲዘምት ነቢዩ ሚክያስ በሰላም እንደማይመለስ ነግሮት ነበር፤ ንጉሡም እንዳይታወቅ ልብሱን ለውጦ ወደ ውጊያው ገባ። አንድ ስሙ እንኳ ያልተጻፈ ወታደር ማንን እንደሚመታ ሳያውቅ ቀስቱን ገተረ፤ ፍላጻውም በጥሩሩ መጋጠሚያ በኩል ገብቶ ንጉሡን ወጋው። ከወታደሩ ወገን ሆኖ ለሚያይ ይህ ፍጹም አጋጣሚ ነው፤ መጽሐፉ ግን ያንኑ ፍላጻ፣ አጋጣሚነቱን ሳይክድ፣ የተነገረው ቃል ፍጻሜ አድርጎ ይተርከዋል። «ዕጣ በጕያ ይጣላል» የሚለው የምሳሌ መጽሐፍም ዕጣው ዕጣ መሆኑን አልካደም፤ ፍርዱ ከእግዚአብሔር ነው አለ እንጂ። እንዲሁም የባዮሎጂ ሊቃውንት ሚውቴሽን በዘፈቀደ ይከሰታል ሲሉ ለፍጡሩ የሚያስፈልገውን ተከትሎ አይመጣም ማለታቸው ነው፤ ከኋላው አሳቢ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ በዚያ ቃል አይመለስም። አማኙም ሆነ ኢአማኙ ከቃሉ ውስጥ የሌለበትን ሊያወጣ አይገባም።

እግዚአብሔርን በእውቀታችን ክፍተት ውስጥ ብቻ መፈለግም ያው ነው። ኒውተን ፕላኔቶች እርስ በርስ ሲሳሳቡ ምሕዋራቸው ቀስ በቀስ ስለሚዛባ አንድ ቀን የእግዚአብሔር ማስተካከያ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ነበር፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ላፕላስ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ከሚታዩት መዛባቶች ዋና ዋናዎቹ በረጅም ዘመን ወደ ነበሩበት የሚመለሱ መሆናቸውን በሒሳብ አሳየ። ክፍተቱ ሲደፈን ማስረጃውም አብሮ ጠፋ፤ የኒውተን የስበት ሕግ ራሱ ግን ሰማያት የሚናገሩለት ሥርዓት ሆኖ እዚያው ነበር።

በመጨረሻም በሰው መከራ ላይ ዓላማ መለጠፍ አለ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሟቾቹ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች የባሰ ኃጢአት ነበረባቸው የሚል ግምት በሰው ልብ እንዳለ ያወቀው ኢየሱስ «አይደለም» ብሎ መለሰ። ግንቡ ለምን እንደ ወደቀም አላብራራም፤ ንግግሩን ወደ ራሳቸው ወደ ሰሚዎቹ ንስሐ አዞረው።